ደብዳቤ ሳይደርስህ ፈረስ አትጫን

ወንድሜ፣ «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ለትምህርትህ እያነበብክ ሦስተኛው ገቢር ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ከድነህ እንደተኛህ ነግረኸኛል። ከቬሮና ውጣ የተባለውን ልጅ ለቅሶ ማንበብ ለምን እንደከበደህ አላጣሁትም። አገርህን ከለቀቅህ ዓመት አልሞላህም፤ ወረቀትህም ገና አላለቀም። ግን መጽሐፉን መልሰህ ክፈተው። ካቆምክበት ቀጥሎ ለአንተ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ብቻህን እንዳታነበው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አስቀድመን ነገሩን በመልክ በመልኩ እናስቀምጠው። የሮሜዎና የዡልዬት ቤተሰቦች ባላንጣ ናቸው። የዡልዬት ዘመድ ቲባልት የሮሜዎን ጓደኛ መርኩሺዮን ይገድላል፤ ሮሜዎ በንዴት ቲባልትን ይገድላል። የቬሮናው መስፍን ሞት ይፈርድበታል ሲባል ከከተማው እንዲባረር ብቻ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ቬሮና ውስጥ ከተገኘ ግን ይሞታል። ሮሜዎ ዡልዬትን በድብቅ ካገባ ገና ሰዓታት ናቸው። ያጋቧቸው መነኩሴ አባ ሎረንስ በክፍላቸው ደብቀውታል፤ ፍርዱንም የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

የሚሄድበት ማንቱዋ ከቬሮና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ በለው። ይህን ያወቀ አንባቢ «ለዚህ ነው እንዴ መሬት ላይ የሚንከባለለው?» ይላል። አንተ ግን እንዲህ እንደማትል አውቃለሁ። እንዳይመለስ የተከለከለ ሰው የከተማውን ግንብ በዓይኑ እያየም ቢሆን ሩቅ አገር ነው ያለው። አንተንም ያስጨነቀህ የአውሮፕላኑ መንገድ ርዝመት አይመስለኝም። እማዬ ብትታመም፣ ወረቀትህ ሳያልቅ ከወጣህ መመለሻ እንደሌለህ ማወቅህ ነው እንቅልፍ የሚነሳህ።

አባ ሎረንስ መጀመሪያ የሚናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዱም ግን ጆሮው አይገባም። ሞት ወደ ስደት መለወጡ ምሕረት ነው፣ ዓለም ሰፊ ናት፣ ታገስ ይሉታል። ቀጥለውም በፍልስፍና ሊያጽናኑት ይሞክራሉ። ልጁ ፍርዱን የማይሽር፣ ዡልዬትንም የማያመጣ ፍልስፍና ለምኔ ነው ብሎ ይመልሳል። ይባስ ብሎ እርስዎ ያልደረሰብዎትን ነገር እንዴት ይናገራሉ፤ እንደኔ ወጣት፣ እንደኔ ዛሬ ያገቡ፣ እንደኔ የተባረሩ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ባላሉ ይላቸዋል።

ይህን አንተም ብለኸኛል። «አንቺ አልቀመስሽው» ብለህ ስልኩ ላይ ዝም ያልክበት ቀን አለ። አልተቀየምኩህም፤ እውነትህን ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ ያለሁ ሰው ነኝ። በረዶ ላይ አውቶቡስ ጠብቄ፣ በሰው አገር ቋንቋ ተቆጥቼ፣ ፋሲካን በሥራ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ነገር ግን አባ ሎረንስ ይህ ከተባሉ በኋላ የሚያደርጉትን ተመልከት። ልጁ እውነቱን ነው፤ መነኩሴው ሚስት የላቸውም፣ ከከተማቸውም ያባረራቸው የለም። ያም ሆኖ በዚያች ሌሊት ቬሮና ውስጥ እሱን የሚያወጣ ሐሳብ ያለው ሌላ ሰው አልተገኘም። ስደትን ያልቀመሰ ሁሉ ምክር የለውም ብለህ በር ከዘጋህ፣ ከሚወዱህ ሰዎች አብዛኞቹን ውጭ ነው የምታስቀራቸው።

በሩ ሲንኳኳ ያለውን ደግሞ ቀስ ብለህ አንብበው። አባ ሎረንስ ተነስ፣ ተደበቅ፣ ይይዙሃል እያሉ ይለምኑታል። አይነሳም። ማን ነው እያሉ ወደ በሩ፣ ተነስ እያሉ ወደ እሱ ይመላለሳሉ። የመጣችው የዡልዬት ሞግዚት ናት፤ እሷም ለዡልዬት ስትል ተነስ ትለዋለች። ዡልዬት ስሙን እየጠራች እንደምታለቅስ ሲሰማ ጩቤውን ይመዛል። መነኩሴው በዚህ ጊዜ ይቆጡታል፤ ቁጣቸውም ረጅም ነው። ከቁጣው ውስጥ አንዷን እህትህ ነኝና አውጥተህ ጣልልኝ፤ እንባህ የሴት ነው የሚሉትን። አባዬ ታላቅ ወንድሙን ሲቀብር ድምፁን አውጥቶ፣ ደረቱን እየመታ ነው ያለቀሰው፤ አንተም ነበርክ። ወንድነቱን የጠየቀው አልነበረም። ከመካሪ አፍ የወጣ ሁሉ መዋጥ የለበትም፤ ደጉ ሰው በተጨነቀ ጊዜ ከዘመኑ የሰማውን ይደግማል። አንተ ማልቀስህን አልቅስ።

ቀጥለው የሚናገሩት ግን ወርቅ ነው። ዡልዬት በሕይወት አለች፤ ቲባልት ሊገድልህ ሲል አንተ ቀደምከው፤ ሞት ሊሆን የነበረው ፍርድ ስደት ሆነ እያሉ የቀረለትን ይቆጥሩለታል። ከዚያም ዛሬ ማታ ምን እንደሚያደርግ ይነግሩታል። ወደ ሚስትህ ሂድ፣ አጽናናት፤ ጠባቂዎቹ ከመቆማቸው በፊት ውጣ፤ ማንቱዋ ተቀመጥ፤ እኛ ጊዜውን አይተን ጋብቻችሁን እንገልጣለን፣ ቤተሰቦቻችሁን እናስታርቃለን፣ ከመስፍኑም ይቅርታ እንለምንልሃለን፤ እስከዚያው በአሽከርህ በኩል የሚሆነውን ሁሉ እልክልሃለሁ ይሉታል። ሞግዚቷም ዡልዬት የላከችለትን ቀለበት ትሰጠዋለች። መሬት ላይ ተዘርሮ የነበረው ልጅ ቀለበቷን ሲቀበል ነፍሱ መለስ ትላለች።

ሁለቱን ምክሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ መካሪው ያው አንድ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ዓለም ስፋት ነበር። ሁለተኛው ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ወሬ በማን በኩል እንደሚደርሰው ነው። በዚያ አገር ብዙ ሰው «አይዞህ፣ ያልፋል» ይልሃል። ክፋት የላቸውም፤ አመስግነህ እለፍ። ነገር ግን ጠበቃው ዘንድ አብሮህ የሚሄደውን፣ ደብዳቤ ሲመጣብህ ቁጭ ብሎ የሚያነብልህን፣ የሥራ ማመልከቻህን የሚሞላልህን ሰው ለይተህ ያዝ። እሱ ሲቆጣህ ስማው። ቀለበቱንም አትናቀው። እማዬ የላከችልህ በርበሬና ሽሮ ከደረሰህ ተነስተህ ሥራው፤ አስቀምጠህ አትየው።

ከወዳጅ የመጣ ምክር ሁሉ ያወጣል ማለቴም አይደለም። ዡልዬትን ያሳደገቻት ያችው ሞግዚት፣ ቤተሰቡ ፓሪስ የሚባለውን ባላባት አግቢ ብሎ ሲያስጨንቃት፣ ሮሜዎ ከእንግዲህ አይመለስም፣ አግቢው ትላታለች። ፍቅር ስለሌላት አይደለም፤ ደክሟት ነው። ልጅቷ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምስጢሯን አትነግራትም። እዚያ ላይ ዡልዬትን አደንቃታለሁ፤ ሳትጣላና ሳትጮህ ነው መካሪዋን የቀየረችው።

አሁን ወደ አምስተኛው ገቢር እንሂድ። ይህችን ትዕይንት በጣም ነው የምፈራልህ።

ሮሜዎ ማንቱዋ ነው። ጥሩ ሕልም አይቶ በደስታ ነው የሚያወራው። አሽከሩ ባልታዛር ከቬሮና ይደርሳል። ልጁ ጥያቄውን ያዥጎደጉደዋል፤ ከአባ ሎረንስ ደብዳቤ አላመጣህም? ዡልዬት እንዴት ናት? አባቴ ደህና ነው? ባልታዛር ዡልዬት ደህና ናት ብሎ ይጀምርና፣ ሥጋዋ በቤተሰቧ መቃብር ተኝታለች፣ ነፍሷ ከመላእክት ጋር ናት ይለዋል። መቃብር ስትገባ በዓይኔ አይቼ፣ ወዲያው ፈረስ ቀይሬ መጣሁ፤ ይህን ክፉ ወሬ ስላመጣሁ ይቅር በለኝ ይላል።

ባልታዛር አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ጌታውንም ይወዳል። ዡልዬት ግን አልሞተችም። አባ ሎረንስ የሰጧትን መድኃኒት ጠጥታ ለ42 ሰዓት እንደ ሞተች ሆና ተኝታለች፤ ስትነቃ ሮሜዎ አጠገቧ እንዲሆን ሁሉንም የሚገልጽ ደብዳቤ ተጽፎለታል። ደብዳቤውን የያዙት ግን ሌላው መነኩሴ አባ ዮሐንስ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የመንገድ ጓደኛ የሚሆናቸውን መነኩሴ ፍለጋ በሽተኛ የሚጠይቅበት ቤት ይገባሉ፤ የከተማው ጤና ጠባቂዎች ወረርሽኝ አለበት ብለው በሩን ያሽጉባቸዋል። ለማንቱዋ ቀርቶ ወደ አባ ሎረንስ የሚመልስላቸው እንኳ ያጣሉ፤ ሰው ሁሉ በሽታውን ፈርቷል። እንደሚታወቀው ሼክስፒር ይህን በ1595 ገደማ ሲጽፍ፣ የለንደን ቲያትር ቤቶች ከ1592 እስከ 1594 በወረርሽኝ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ነበር። የታሸገ በር ምን እንደሆነ ተመልካቹ ያውቃል። እኛም በኮሮና ጊዜ ትንሽ ቀምሰነዋል።

ሮሜዎ ወሬውን ሲሰማ አያለቅስም። በእድሉ ላይ ይፎክርና ቀለምና ወረቀት አምጣ፣ ፈረስ ተከራይ፣ ዛሬ ማታ እንሄዳለን ይላል። ባልታዛር ፊትህ ገርጥቷል፣ ዓይንህ አላማረኝም፣ እባክህ ታገስ ብሎ ይለምነዋል። ተሳስተሃል ይለውና እንደገና ይጠይቀዋል፤ ከአባ ሎረንስ የመጣ ደብዳቤ የለም? የለም ይለዋል። ሮሜዎም ግድ የለም ብሎ ያልፋል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ሁለት ጊዜ ጠይቋል። እውነቱ በማን በኩል እንደሚመጣ ያውቃል ማለት ነው። አባ ሎረንስ ዜናውን እልክልሃለሁ ብለውታል። የእሳቸው ቃል አለመምጣቱን በገዛ አፉ አረጋግጦ፣ አለመምጣቱ ራሱ አንድ ነገር እንደሚነግረው ሳያስብ ያልፈዋል። መርዝ መሸጥ በሞት በሚያስቀጣበት ከተማ ችግር ያደቀቀውን መድኃኒት ቀማሚ ፈልጎ፣ 40 ወርቅ ከፍሎ ይገዛና ፈረሱን ይጭናል። አባ ሎረንስ መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ባልታዛርን ሮሜዎ ከገባ ስንት ጊዜው ነው ብለው ይጠይቁታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው መልሱ፤ ዘግይተዋል።

ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው አርተር ብሩክ በ1562 ካሳተመው ረጅም ግጥም ነው። በዚያ ታሪኩ ወራት ይፈጃል። ሼክስፒር ወደ ጥቂት ቀናት አጠፈው። እኔ ታሪኩን ያወቅሁት በከበደ ሚካኤል አማርኛ ነው፤ ያኔ ልጅ ሆኜ ሁለቱን የገደላቸው የቤተሰቦቻቸው ጥላቻ ነው እል ነበር። አሁን አንተ ሩቅ ሆነህ ሳነበው ጥላቻው እንዳለ ሆኖ፣ ጥድፊያውና የወሬው አመጣጥ ይታየኛል።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ማንም ብድግ ብሎ አያረዳም። ወዳጅ ዘመድ ተሰባስቦ፣ ማን ይናገር፣ ማን አጠገቡ ይቀመጥ ተብሎ ተመክሮበት፣ ጎህ ሲቀድ ነው በሩ የሚንኳኳው። የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ በጥንቃቄ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ከወለደች በኋላ ይሆናል። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ ቤቱ ገብቷል። በዚያ በስደትም ይህ እንዳልጠፋ ትነግረኛለህ፤ ሰውየው ከሥራ እስኪመለስ ጠብቀው፣ ተሰብስበው ሄደው ያረዱታል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቡናው በፔርሙስ ይመጣል፣ ፍራሹ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ አገር ቤት ሄዶ መቅበር ያልቻለ ሰው እዚያው ለቅሶ ይቀመጣል። በተውኔቱ ውስጥ ግን ሮሜዎን የሚይዘው እጅ የለም። ብቻውን ቆሞ ነው የሰማው፤ ያረዳውን ሰው ራሱን ፈረስ ፈልግ ብሎ ይሰደዋል። ዡልዬትም ቢሆን የስደቱን ወሬ የሰማችው በክፉ አነጋገር ነበር። ሞግዚቷ የገመድ መሰላሉን እንደያዘች ሞተ፣ ሞተ እያለች ስትገባ፣ ልጅቷ ባሌ ነው ብላ ስንት ተሰቃይታለች።

ዛሬ ደግሞ ባልታዛር ስልክህ ውስጥ ነው። ገና ቤተሰቡ ሳይነገረው ሻማና ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ዘመድ አለ። በቴሌግራም «ነፍስ ይማር» ብሎ የሚጽፍልህ፣ ከዚያ ስትደውልለት የማያነሳ አለ። ያየውን ነው የሚናገረው ይሆናል፤ ይወድህም ይሆናል። አንተ ግን ሌሊት ሥራ ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብቻህን ነህ።

አባ ሎረንስን እወዳቸዋለሁ፤ ልጁን ከጩቤ አድነውታል። ቢሆንም እቅዳቸው ላይ አንድ ነገር ጎድሏል። ያንን ሁሉ ሲነግሩት፣ ማታ እንዴት እንደሚወጣ ሳይቀር ሲያስረዱት፣ ስለ ዡልዬት ከእኔ ያልመጣ ወሬ ከሰማህ አትመን፣ እኔ እስክልክልህ አትንቀሳቀስ አላሉትም። ደብዳቤውንም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሰደዱት። ሮሜዎም ደብዳቤው ቢጠፋስ፣ መንገድ ቢዘጋስ፣ ምን ላድርግ ብሎ አልጠየቃቸውም። ምክር ስትቀበል ይህን ጥያቄ ጨምረህ ተቀበል። ጠበቃህን ጠይቀው፤ የሚረዳህን ሰው ጠይቀው፤ እኔንም ጠይቀኝ። ያሰብነው ባይሆን ምን ላድርግ በል። መካሪ በዚህ አይከፋም፤ የሚከፋ ካለ ሌላ ፈልግ።

እኔ እንዲህ ልልህ ነው የጻፍኩልህ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እማዬ፣ ስለ አባዬ፣ ስለ ማናችንም ክፉ ወሬ ከሌላ ሰው ከሰማህ፣ ከእኔ አፍ እስክትሰማው አትመነው። እኔም ቃል እገባልሃለሁ። ደህና ሳይሆኑ ደህና ናቸው አልልህም፤ የምነግርህም ብቻህን ባለህበት ሰዓት አይሆንም። መጀመሪያ እዚያ ያለ አንድ ሰው ቤትህ ይመጣል፣ ከዚያ እኔ እደውላለሁ። ለዚህ የሚሆን ሰው መርጠህ ስሙንና ስልኩን ላክልኝ፤ የእኔንም ስጠው። አንድ ሰው ብቻም አይበቃም፣ ሁለት አድርጋቸው። አባ ዮሐንስ በር ተዘግቶባቸው እንደቀሩ አስብ።

ወሬው እውነት ሆኖ ቢገኝም እንኳ በዚያች ሌሊት ትኬት አትቁረጥ፤ የያዝከውን ጉዳይ ትተህ አትውጣ፤ የምትፈርመውም ወረቀት አይኑር። አልቅስ፣ ሰው ይክበብህ፣ አንድ ሌሊት ይለፍ። ጠዋት ጠበቃህን ጠይቀን አብረን እንወስናለን። መሄድም ከሆነ መሄድ፣ መቅረትም ከሆነ መቅረት፣ ሁለታችን ተነጋግረን የቆረጥነው ይሁን። መቅበር ባትችል እኔ ስለ አንተ አፈር አለብሳለሁ፤ አንተ እዚያ ለቅሶ ትቀመጣለህ። የሚወቅስህ ዘመድ ቢኖር መልሱን ለእኔ ተውልኝ።

አሁን መጽሐፉን ክፈትና እስከ መጨረሻው አንብበው። ስትጨርስ ደውልልኝ፤ የእናንተ ማታ የእኛ ሌሊት መሆኑን አትይ። ስልኬን ከራስጌዬ አላነሳውም።